ባትሪ የማይጨርስ ሽቦ አልባ ሴንሰር፦ አዳማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ በተከራየሁበት ግቢ ሮቶው ውስጥ ስንት ውኃ እንደቀረ የሚናገር ሴንሰር ሠርቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቱም፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ተማሪም፣ በወንጂ በኩል ሽንኩርት የሚያለማውም ሰው ይጠይቀኛል። ጥያቄው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ ባትሪው ለምን ቶሎ ያልቃል? በየስልኩ ከምደጋግመው እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

ዝቅተኛ ኃይል ሲባል ስንት ማለት ነው?

በማይክሮ አምፕ የሚቆጠር ማለት ነው። አምፕ የኤሌክትሪክ ጅረት መለኪያ ነው፤ ሚሊ አምፕ የአንድ አምፕ ሺህኛ፣ ማይክሮ አምፕ ደግሞ ሚሊዮንኛ ነው። አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው የጀማሪዎች ቦርድ ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ ወደ 50 ሚሊ አምፕ ይጠጣል። በደንብ የተሠራ የሴንሰር ሰርኪዩት ሲተኛ (በሁለት ልኬት መካከል ሥራ ሲያቆም) 10 ማይክሮ አምፕ ይበቃዋል። ልዩነቱ 5,000 እጥፍ ነው።

አንዳንዴ ያስቀኛል። ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የአዳማ አንድ 51፣ የአዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው የነፋስ ማመንጫዎች ተተክለዋል። እኛ ከሥራቸው ተቀምጠን በማይክሮ አምፕ እንጣላለን። ምን ይደረግ፣ ሮቶው ላይ ገመድ አይደርስም።

ባትሪዬ በስምንት ቀን አለቀ። የችፑ መግለጫ ወረቀት ግን ሲተኛ 10 ማይክሮ አምፕ ብቻ ይላል። ማን በላው?

የእኔም የመጀመሪያው እንዲሁ ሆኗል። ኢኤስፒ 32 የሚባለው፣ ዋይ ፋይ ያለው ችፕ የተገጠመበት ቦርድ ወሰድኩ። ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ 18650 የሚባሉ ሁለት ቻርጅ የሚደረጉ ሊቲየም ባትሪዎች ፈትቼ በተከታታይ አሰርኳቸው። በየ15 ደቂቃው ይነቃል፣ ይለካል፣ በዋይ ፋይ ይልካል፣ ይተኛል። ለአከራዬ ለእትዬ «ስድስት ወር አይነካም» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት እትዬ ባዶ ባልዲ ይዘው በሬ ላይ ቆሙ። «ልጄ፣ ያ ዕቃህ ግማሽ ውኃ አለ ይላል። ቧንቧው ግን እያፏጨ ነው» አሉኝ።

ስልካቸው ላይ የቀረው የመጨረሻው ቁጥር ነበር። ሴንሰሩ ሌሊቱን ሞቶ አድሯል። (ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቁጥሩ ጎን መልእክቱ የመጣበትን ሰዓት አሳያለሁ። እናንተም አድርጉት።)

ሒሳቡን እንሥራ። ሲነቃ 3 ሰከንድ ይቆያል፤ በአማካይ 120 ሚሊ አምፕ ይወስዳል። ሲባዛ 360። 15 ደቂቃ 900 ሰከንድ ነው። 360 ለ900 ሲካፈል 0.4 ሚሊ አምፕ ይመጣል። ባትሪው 2,000 ሚሊ አምፕ ሰዓት ቢይዝ (2,000 ሚሊ አምፕ ለአንድ ሰዓት ይሰጣል ማለት ነው) 5,000 ሰዓት ይሄዳል፤ ከ200 ቀን በላይ ማለት ነው። ያሰላሁት ይኸን ብቻ ነበር። እንቅልፉን አልቆጠርኩትም።

ችፑ በእርግጥ 10 ማይክሮ አምፕ ላይ ተኝቷል። ቦርዱ ግን አልተኛም። ቮልቴጅ የሚያስተካክለው ሬጉሌተር ኤኤምኤስ 1117 ነው፤ ሥራ ኖረም አልኖረ ለራሱ ብቻ ወደ 5 ሚሊ አምፕ ይወስዳል። ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው የዩኤስቢ ችፕ አለ። «በርቻለሁ» የምትለዋ ቀይ መብራት አለች። ሁሉም ተደምረው ቦርዴ ሲተኛ ወደ 10 ሚሊ አምፕ ይጠጣ ነበር። 2,000 ለ10.4 ሲካፈል 192 ሰዓት ነው። ልክ ስምንት ቀን።

ከመቶ 96 እጅ የሚሆነው ጉልበት ያለቀው ምንም ሥራ በማይሠራበት ሰዓት ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ ኮዱን ከ3 ሰከንድ ወደ 2.5 ለማውረድ ስታገል ነበር። ስለዚህ ማንም ሰው ባትሪ አለቀብኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ሲተኛ ስንት ነው?» ብዬ ነው። ብዙው ሰው አልለካውም።

እሺ፣ የትኛውን ቦርድ ልግዛ?

ለመማሪያ ያላችሁ ቦርድ ይበቃል። ሮቶው ላይ ለዓመት ለሚቀመጠው ግን ቦርድ ሳይሆን ችፕ ግዙ። እኔ አሁን የምጠቀመው አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ያለውን ያንኑ ችፕ፣ ኤትሜጋ 328ፒን ነው። ለብቻው፣ በ3.3 ቮልት፣ በ8 ሜጋ ኸርትዝ። የማንቂያ ሰዓቱ በርቶ ሲተኛ ከ5 ማይክሮ አምፕ ብዙም አይርቅም። ሰዓቱ በአንድ ጊዜ ከ8 ሰከንድ በላይ ስለማይቆጥር ችፑ በየ8 ሰከንዱ ለቅጽበት ነቅቶ ቁጥር ጨምሮ መልሶ ይተኛል። ይኸ አያስፈራችሁ፤ የሚወስደው እዚህ ግባ አይባልም።

ሬጉሌተር የግድ ካስፈለገ ኤምሲፒ 1700 የሚባለው ለራሱ የሚወስደው 1.6 ማይክሮ አምፕ ብቻ ነው። ከ250 ሚሊ አምፕ በላይ ግን አይሰጥም። ዋይ ፋይ ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል ከኢኤስፒ ጋር ስታስሩት አስቡበት።

ያለቻችሁን ቦርድ ብቻ መጠቀም ከፈለጋችሁ ቀይ መብራቷን በካውያ አንሷት፤ ሬጉሌተሩንም ቀይሩት። ጓደኛዬ በጥፍር መቁረጫ ነው መብራቷን የነቀላት። ሠርቷል። እኔ ግን አልመክርም።

ዋይ ፋይ ይሻላል ወይስ ብሉቱዝ? ሎራስ? ሲም ካርድስ?

እንደ ርቀቱና እንደ መብራቱ ነው። መብራት ያልኩት የመብራት ኃይሉን ነው፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዋይ ፋይ ተጨማሪ መቀበያ ሳጥን አይፈልግም። ግቢ ውስጥ ራውተር ካለ ሌላ ነገር አያስፈልግም። ግን ሰፈሩ ሲጨልም ራውተሩም ይጠፋል። ሴንሰሩ በሰዓቱ ይነቃል፣ ራውተሩን ይፈልጋል፣ ያጣል፣ ደግሞ ይፈልጋል። ኮዱ ላይ «እስክታገኝ ሞክር» የሚል ዙር ካለ መብራት እስኪመጣ ድረስ ከ100 ሚሊ አምፕ በላይ እየጠጣ ያድራል። አንድ የጨለማ ሌሊት የብዙ ሳምንት ጉልበት ይበላል። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ምሳሌ ኮዶች ብዙዎቹ እንደዚህ ናቸው፤ መብራት ይጠፋል ብሎ የሚያስብ ሰው አይደለም የጻፋቸው። ገደብ አድርጉበት። በ5 ሰከንድ ካልተገናኘ ይተኛ። ሦስት ጊዜ ካቃተው በየሰዓቱ ብቻ ይሞክር። አይፒ አድራሻውንም (ራውተሩ የሚያውቀው የሴንሰሩ ቁጥር ነው) ቋሚ ብታደርጉት የመገናኛው ጊዜ ያጥራል።

ኢኤስፒ ናው የሚባለው መንገድ ደግሞ ራውተር አይፈልግም። አንዱ ኢኤስፒ ለሌላው በቀጥታ ይልካል። ለአንድ ግቢ ብዙ ጊዜ የምመክረው እሱን ነው፤ ሴንሰሩ ነቅቶ የሚቆየው ከአንድ ሰከንድ በታች ይሆናል።

ሎራ በትንሽ ኃይል ሩቅ የሚደርስ ሬዲዮ ነው፤ ለማሳ ነው የሚሆነው። ሽንኩርቱ ከቤቱ አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከራቀ፣ መሀል ላይም ኮረብታ ከሌለ፣ ሌላ አትፈልጉ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የማሰራጫ ደረጃ የሚባል ከ7 እስከ 12 የሚሄድ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በአንድ ሲጨምር መልእክቱ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ እጥፍ ገደማ ይሆናል። 10 ባይት በ7 ላይ ከ50 ሚሊ ሰከንድ በታች ይጨርሳል። በ12 ላይ ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል። ሰው «ሩቅ እንዲደርስልኝ» ብሎ ዝም ብሎ 12 ላይ ያደርገዋል፤ ባትሪው ሃያ እጥፍ ይከፍላል። ከ7 ጀምሩ። ካልደረሰ ብቻ አንድ አንድ ጨምሩ። ከዚያ በፊት ግን አንቴናውን እዩ። እንደ ሞጁሉ ሞገድ ነው፤ ለ433 ሜጋ ኸርትዝ ቀጥ ያለ 17.3 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ነው፤ ለ868 ደግሞ 8.6። ያለ አንቴና አትላኩ፣ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል።

ብሉቱዝ ጥሩ ነው፣ ኃይሉም ትንሽ ነው። ግን ስልክ ይዞ ሮቶው ሥር የሚሄድ ሰው ሮቶውን በእጁ መታ መታ ቢያደርግም ያውቃል።

ሲም 800 ኤል የሚባለው የሲም ካርድ ሞጁል በኤስኤምኤስ ይናገራል፤ ገበሬው ስልኩ ላይ «ውኃ የለም» የሚል መልእክት ቢደርሰው ደስ ይለዋል። ችግሩ ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፕ መጠየቁ ነው። ቀጭን ሽቦ ካለው ቮልቴጁ ወድቆ ራሱን ያጠፋል። ሽቦው አጭርና ወፍራም ይሁን። አጠገቡ 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአጭር ጊዜ የሚያጠራቅም ዕቃ ነው) አስቀምጡ። በማይላክበት ሰዓት ሙሉ በሙሉ ይጥፋ።

በየስንት ደቂቃው ልለካ?

ለሮቶ 15 ደቂቃ በቂ ነው። ለአፈር እርጥበት አንድ ሰዓት ይበቃል። መለካትና መላክ ግን አንድ አይደሉም። መለካት ርካሽ ነው፤ ውዱ መላኩ ነው። ውኃው ካልተነቃነቀ ለምን ይላካል? የእኔው በየ15 ደቂቃው ይለካል፤ የሚልከው ግን ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ ለውጥ ሲያይ ነው። ለውጥ ከሌለ በየሦስት ሰዓቱ «አለሁ» ይላል። ስማርት ሴንሰር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ ግማሹ ይኸው ነው።

ሴንሰሩ ራሱስ ባትሪ አይበላም?

ይበላል፣ ያውም ዝም ብሎ። ውኃ የማይገባው የድምፅ ርቀት መለኪያ ሥራ ላይ 30 ሚሊ አምፕ ገደማ ይወስዳል፤ ሥራ ሲፈታም ጥቂት ሚሊ አምፕ መጠጣቱን አይተውም። መፍትሔው ከባትሪው መቁረጥ ነው። ፒ ቻናል ሞስፌት የሚባለውን የኤሌክትሮኒክስ ማብሪያ ማጥፊያ በአዎንታዊው ሽቦ ላይ አስገቡ፤ ችፑ ሲፈልግ ያበራዋል፣ ሲጨርስ ያጠፋዋል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሴንሰሩን አጥፍታችሁ የመረጃ ሽቦው ላይ ቮልቴጅ እንዳለ ብትተዉት ሴንሰሩ በዚያ ሽቦ በኩል ኃይል ይሰርቃል። ጠፍቷል ስትሉት ግማሽ በርቷል። ለሁለት ቀን አንድ ሚሊ አምፕ ከየት እንደሚሄድ ስፈልግ ከርሜ ያገኘሁት እዚህ ነው። ከማጥፋታችሁ በፊት የመረጃ እግሮቹን ሁሉ ዜሮ ቮልት አድርጓቸው። ምንም ያልታሰረበት የችፑ እግር ካለም እንዲሁ ተንሳፍፎ አይቅር። በዜሮና በአንድ መካከል የሚዋልል እግር በራሱ ጅረት ያፈሳል።

ያው መለኪያ ከ20 ወይም ከ25 ሴንቲ ሜትር ይበልጥ የቀረበውን ነገር አያይም። ክዳኑ ላይ ስታስሩት ሮቶው ሲሞላ ውኃው እዚያ ድረስ እንዳይደርስ ከፍ አድርጉት። አለበለዚያ ሮቶ ሞልቶ እየፈሰሰ የማይረባ ቁጥር ይሰጣችኋል።

የባትሪውን ቮልቴጅ ለማወቅ ሁለት ሬዚስተር አስሬያለሁ። ጉዳት አለው?

ሁለት 100 ኪሎ ኦም ከሆኑ 4.2 ቮልት ላይ 21 ማይክሮ አምፕ ሁልጊዜ ይፈስሳል። ተኝቶ ካለው ሰርኪዩት ሁለት እጥፍ ነው። ሁለት 1 ሜጋ ኦም አድርጓቸው፤ ወደ 2 ይወርዳል። መለኪያው እንዳይሳሳት ከመካከላቸው ወደ መሬት 100 ናኖ ፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ።

ቮልቴጅና ፍጥነት መቀነስ ምን ያህል ይጠቅማል?

ዲጂታል ችፕ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬና ከፍጥነቱ ጋር ነው የሚሄደው። ከ5 ቮልት ወደ 3.3 ስትወርዱ በዚያው ፍጥነት ከግማሽ በታች ይሆናል። ይኸ ነፃ ትርፍ ነው፣ ውሰዱት። ፍጥነቱን መቀነስ ግን ሁልጊዜ ትርፍ አይደለም። ችፑ ቀስ ብሎ ሲያስብ ሴንሰሩና ሬዲዮው አብረውት በርተው ይጠብቁታል። ቶሎ ጨርሶ ቢተኛ ይሻላል።

የትኛውን ባትሪ ልጠቀም?

18650 በየጥገና ቤቱ አለ። ግን የሚጻፍበትን አትመኑ። 9,900 የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ውሸት ነው። ገበያ ላይ በብዛት ያለው እውነተኛው ከ2,000 እስከ 3,500 ሚሊ አምፕ ሰዓት ነው። ሚዛን ላይ አስቀምጡት። ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፤ ውሸተኛው ይቀልላል። ከአሮጌ ላፕቶፕ የሚፈታውም አይናቅም። ሞልታችሁ ሁለት ሳምንት አስቀምጡትና ቮልቴጁ የወረደውን ተዉት።

የእኔ ምርጫ ሊቲየም አይረን ፎስፌት (ባጭሩ ሊቲየም ፎስፌት) ነው፣ 3.2 ቮልቱ። ሲሞላ 3.6 ነው፤ ኤትሜጋውም የሎራ ሞጁሉም ይችሉታል። ስለዚህ ሬጉሌተር የሚባል ነገር ከነአካቴው ይቀራል። የሌለ ዕቃ ባትሪ አይበላም። ቻርጀሩ ግን የራሱ መሆን አለበት። ቲፒ 4056 የሚባለው ሰማያዊ ቻርጀር እስከ 4.2 ቮልት ይሞላል፤ ሊቲየም ፎስፌትን ያበላሸዋል።

ክብ የሰዓት ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ 220 ሚሊ አምፕ ሰዓት አካባቢ ይይዛል። ለብሉቱዝ ይሆናል፤ ለዋይ ፋይ አይሆንም፣ ያን ያህል በአንድ ጊዜ መስጠት አይችልም። ከሱቅ የሚገዛው ተራ ባትሪ ድንጋይ ለሙከራ ካልሆነ ይቅርባችሁ፤ ሲያረጅ ፈሳሹ ወጥቶ ቦርዱን ይበላል።

ሶላር ባደርግለትስ?

አንድ ዋት የምታክል ፓነል ከበቂ በላይ ናት። 0.4 ሚሊ አምፕ የሚወስድ ሰርኪዩት በአንድ 18650 ቢሠራ በቀን 35 ሚሊ ዋት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈልገው። በደመናማ የሐምሌ ቀን እንኳ ይገኛል። ሥራው ፓነሏን መጥረግ ነው፤ የአዳማን አቧራ ታውቁታላችሁ።

ሙቀቱስ?

ከባድ ነው። ቆርቆሮ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ሳጥን በመጋቢት ፀሐይ ውስጡ ምድጃ ይሆናል። ሊቲየም ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቻርጅ ባይደረግ ይመረጣል። ሙቀት የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል፣ ችፑ ሲተኛ የሚያፈስሰውንም ይጨምራል። ነጭ ሳጥን ተጠቀሙ፤ በሮቶው ጥላ በኩል እሰሩት፤ ሶላሯ ብቻ ፀሐይ ትሙቅ።

ማይክሮ አምፕ በተራ መልቲሜትር ይለካል?

ይለካል፣ ግን ያታልላል። በማይክሮ አምፕ ደረጃ ላይ መልቲሜትሩ ውስጥ ትልቅ ሬዚስተር አለ። ሰርኪዩቱ ሲነቃና 100 ሚሊ አምፕ ሲጠይቅ ቮልቴጁ እዚያ ላይ ይቀራል። ችፑ ይጠፋል፣ እንደገና ይነሳል፣ ይጠፋል። እናንተ «ሰርኪዩቴ ተበላሸ» ትላላችሁ። የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በአንድ ሽቦ አገናኙና ሰርኪዩቱን አስነሱት። ሲተኛ ሽቦውን አንሱ። ከዚያ የምታነቡት እውነተኛው ነው።

እኔ የምወደው ሌላ መንገድ ነው፤ ሰዓትና ካፓሲተር ብቻ ይፈልጋል። 1,000 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ከባትሪው ጎን እሰሩ። ሰርኪዩቱ ሲተኛ ባትሪውን ንቀሉ። አሁን የሚኖረው ካፓሲተሩ ውስጥ ባለው ነው። መልቲሜትሩን ቮልት ላይ አድርጉና ከ4.0 ወደ 3.5 ለመውረድ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ቁጠሩ። 50 ሰከንድ ከሆነ 10 ማይክሮ አምፕ ነው። 5 ሰከንድ ከሆነ 100፤ ሂዱና ሌባውን ፈልጉ። ካፓሲተሩ ራሱም ትንሽ ያፈስሳል፣ መልቲሜትሩም 0.4 ማይክሮ አምፕ ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ሰርኪዩቱ ሳይታሰር አንዴ ሞክሩና ቀንሱት።

ለመመረቂያ ሥራ የምትመጡ ልጆች፣ ይኸን ልኬት በየቀኑ መዝግቡት። ወረቀታችሁ ላይ ከሥዕሉ ይልቅ እሱ ያኮራችኋል።

ሬዲዮ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል?

የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ለራስ ግቢ አንድ ከመሥራት አልፋችሁ ለሽያጭ ወይም ለብዙ ማሳ ካሰባችሁ ሞጁሉን ከማስመጣታችሁ በፊት የትኛው ሞገድ እንደሚፈቀድ እዚያ ጠይቁ።

የእትዬ ሮቶ ላይ ያለው አሁንም ይሠራል?

ይሠራል። ኤትሜጋውና ሎራው ተኝተው 8 ማይክሮ አምፕ ይወስዳሉ። መለካቱና መላኩ ተጨምሮ አማካዩ ከ20 አይበልጥም። በወረቀት ላይ 2,000 ሚሊ አምፕ ሰዓት በዚህ ሒሳብ አሥራ አንድ ዓመት ይሄዳል፤ ባትሪው ከዚያ በፊት በእርጅና ይሞታል እንጂ ሰርኪዩቱ አይጨርሰውም። ባለፈው ወር ወጥቼ ያየሁት ባትሪው ስለደከመ አልነበረም። የሳጥኑን ክዳን ነፋስ ወስዶት ነው። ጎረቤት ግቢ፣ ዶሮ ቤቱ ላይ አገኘሁት።